ዘመድ ያልሆነ ሰው ፍለጋ

ልጅሽ ደም ካላገኘ አይተርፍም ተብለሽ፣ አጎቱ ደግሞ እጅጌውን ጠቅልሎ «ይኸው የኔን ቅዱለት» ሲል «አይሆንም፣ የእርስዎ ደም ይቅርብን» ብለሽ ታውቂያለሽ? አንተስ ብለህ ታውቃለህ? እኔ ብያለሁ። ያውም በሆስፒታል ኮሪደር፣ ሰው እየሰማ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ። ሰውዬው ባሌ ከሞተ ጀምሮ ከጎኔ ያልተለየ ሰው ነው። እብድ ናት የምትሉኝ ካላችሁ አልቀየማችሁም፤ በዚያ ቀን ያላለኝ አልነበረም። መጀመሪያ ግን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ፍረዱ።

አስቴር እባላለሁ። ሐዋሳ ፒያሳ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ፀጉር ሠሪ እጇ ሥራ ሲይዝ አፏ ሥራ አይፈታም፤ እኔ ደግሞ በወሬ የታወቅኩ ነኝ። ሳቄ ከመንገድ ማዶ ይሰማል ይሉኛል። ቤቴም እንደ ፀጉር ቤቴ ነበር፤ ሰው ሳይኖርበት ምሳ ተበልቶ አያውቅም። እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፤ ባሌ ሲዳማ፣ የቱላ ልጅ ነበር። የመኪና አደጋ ወሰደብኝ። ሁለት ልጆች ትቶልኛል፤ ትልቋ ሩት ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች፣ ትንሹ ብሩክ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ብሩክ ኳስ ተጫውቶ በመጣ ቁጥር እግሩ ላይ የበለዘ ነገር ማየት ጀመርኩ። አስተማሪው የመታው መስሎኝ ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ ቀወጥኩት። ምስኪን መምህር፣ ምሎ ተገዝቶ አላመንኩትም። ቀጥሎ ድዱ መድማት፣ ደረጃ ሲወጣ ማለክለክ መጣ። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ላኩን። እዚያ ያገኘናት ሐኪም ድምፅዋ የማይጮኽ ሴት ናት፤ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ።

«ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔ ነው። የብሩክ መቅኔ ሥራውን አቁሟል። የሌላ ሰው መቅኔ ሊተካለት ይገባል።»

የሩት ሲመረመር ከወንድሟ ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ። የዚያን ቀን በደስታ ሐኪሟን አቅፌ ጋወኗን በእንባ አራስኩት። ንቅለ ተከላው ውጭ አገር እንዲሆን ተወሰነ። የወጪውን ጣጣ አላነሳባችሁም፤ ስንቱ ደግ ሰው እጁን እንደዘረጋልን ፈጣሪ ይወቀው። ሐኪሟ ግን እስክንሄድ ድረስ ሁለት ነገር አጥብቃ አዘዘችኝ፤ የታሪኬ ነገር ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ ነው የመጣው።

አንደኛው፣ ሰው እንዳይጠጋው። ጉንፋን የያዘው ሰው ቢስመው ብሩክን ሊገድለው ይችላል፤ ሩትም ብትታመም መቅኔ መስጠቷ ይዘገያል። እስቲ ንገሩኝ፣ በእኛ አገር የታመመ ልጅ ያለበት ቤት በሩ ተዘግቶ ያውቃል? ቤተሰቡ ቢዘጋው ጎረቤት ገንጥሎ አይገባም? የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት እናቶች እጃቸውን ጭነውበት ሊጸልዩ መጡ። በግቢው በር ቀዳዳ እያየሁ መለስኳቸው። የቡድኑ መሪ እትዬ ደስታ ውጭ ቆመው፣ «አንቺ ልጅ፣ ጸሎትም ጉንፋን ያስይዛል?» አሉኝ። ያመጡትን ወተት በር ላይ አስቀምጠው ሄዱ። በሌላ ጊዜም መጡ፣ በሌላ ጊዜም መለስኳቸው። ቀስ በቀስ የሚያንኳኳ ሰው ጠፋ። ፀጉር ቤቱን ለሠራተኛዬ ትቼ ከሁለት ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ ተዘጋሁ። ያ ሁሉ ወሬዬ ጉሮሮዬ ላይ ደረቀ። አንዳንድ ቀን ሬዲዮኑን ከፍቼ ጋዜጠኛውን «እንዴት አደርክ?» እለው ነበር፤ ሳቁ፣ እኔም ዛሬ እስቃለሁ።

ሁለተኛው ትእዛዝ የደም ነገር ነው። ብሩክ በየጊዜው ደም ይሰጠዋል። ሐኪሟ ጣቷን ቀስራ፣ «ከዘመድ እንዳይወስድ!» አለችኝ። «ካንቺም፣ ከአጎት፣ ከአክስትም። ከማያውቃችሁ ሰው ብቻ።»

«እንዴ ዶክተር! ዘመድ ለመቼ ነው ታዲያ?»

«የዘመድ ደም አስቀድሞ ከገባ የልጁ ሰውነት ለይቶት ሊጠላው ይችላል። በኋላ የእህቱ መቅኔ ሲገባ ‹ይህን አውቀዋለሁ› ብሎ ያባርረዋል። ከተባረረ ሁለተኛ ዕድል ማግኘት ከባድ ነው።»

ይህን ለብሩክ ያስረዳሁት በታክሲ ምሳሌ ነው። «ታክሲ ውስጥ ገብተህ ለሩት ወንበር ይዘህላታል እንበል። ሌላ የቤተሰብ ሰው ቀድሞ ከተቀመጠበት እሷ ትቀራለች» አልኩት። ወዲያው ገባው። ታክሲ ውስጥ ለእኛ ወንበር ሲይዝልን የኖረ ልጅ ነው።

ጉዟችን በተቃረበበት ሳምንት፣ ጠዋት ቁርስ እየበላ ሳለ የብሩክ አፍንጫ ደማ። ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ እንደተማርኩት አፍንጫውን ይዤ አጎነበስኩት። አልቆም አለ። ፎጣ ለወጥኩ፣ ሌላ ፎጣ ለወጥኩ። ከንፈሩ ነጣ። «እማ፣ ጆሮዬ ይጮኻል» ሲለኝ ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም። ሩትን በሩን ቆልፊ ብያት ልጄን ታቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ባለባጃጁ ደሙን ሲያይ ቀይ መብራትም አላስቆመው።

ሆስፒታል ስንደርስ ለብቻው አንድ ክፍል ሰጡት፤ አፍንጫውን በፋሻ ጠቀጠቁለት። ተረኛው ሐኪም ገና ወጣት ነው፤ የላብራቶሪ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ፊቱን ሳየው ሁሉም ነገር ገባኝ።

«እናት፣ ደሙ በጣም ወርዷል። ዛሬውኑ ትኩስ ደም ያስፈልገዋል። ደም ባንክ ደውለናል፤ የሱ ዓይነት ቢ ኔጌቲቭ ነው፣ እሱም ሆነ ለሁሉም የሚሆነው ኦ ኔጌቲቭ አሁን የላቸውም። ከሌላ ከተማ ቢመጣ እንኳ ለነገ ነው። ዘመድ ጥሪ።»

«ዘመድ አይፈቀድም ዶክተር» ብዬ የአዲስ አበባዋ ሐኪም ያለችኝን ነገርኩት። አዲስ አበባ ደወልኩ፤ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታለች፣ ስልክ አታነሳም አሉኝ። ወጣቱ ሐኪም ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«ልክ ነሽ፣ እኔም የማውቀው እንደዚያ ነው። ግን ልጁ ዛሬን ካላለፈ ንቅለ ተከላው ለማን ይሆናል? እስከ ከሰዓት በኋላ ባዳ ሰው ፈልጊ። ከዚያ በላይ አልጠብቅም። የማንም ይሁን የማን፣ የተገኘውን ደም እሰጠዋለሁ።»

እውነቱን ነው። ኮሪደሩ ላይ ያለች አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ስልኬን አወጣሁ። ደንበኞቼን አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። ስንት ዓመት ፀጉራቸውን ስሠራ ራሳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ሳይቀር አውቃለሁ፤ የደማቸውን ዓይነት ግን እነሱም አያውቁት። «ኧረ አስቱዬ፣ ደም ደም ነው እንጂ ዓይነት አለው እንዴ?» ያለችኝም አለች። እትዬ ደስታ ጋም እያፈርኩ ደወልኩ። ከበር የመለስኳቸው ሰው! ግን አነሱ፤ ሦስት እናቶች ይዘው ከተፍ አሉ፣ ሁሉም ተመረመሩ፣ አንዳቸውም አልገጠሙም። እትዬ ደስታ ሲሄዱ ከክፍሉ ራቅ ብለው ቆመው በመስታወቱ ለብሩክ እጃቸውን አውለበለቡለት። እኔን ሊያቅፉኝ መጡና በመካከል ቆም አሉ፤ እየተጠነቀቁልኝ ነበር። እንዲያቅፉኝ ፈልጌ ነበር፤ አልኳቸው ይመስላችኋል? አላልኩም።

ከዚያ ጋሼ ሀመሶ መጣ።

ጋሼ ሀመሶ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቱላ ያርሳል፣ ምርቱን የሚጭንበት አይሱዙ አለው። ሩት ናት የደወለችለት። ብቻውን አልመጣም፤ ከዘመድ አዝማድ ጎልማሳ ጎልማሳውን መርጦ በመኪናው ጭኖ ነው የመጣው። ኮሪደሩን ሞሉት። ሁሉም እጅጌያቸውን ጠቅልለዋል። ያን ሳይ እግራቸው ላይ ወድቄ ብስማቸው ደስ ባለኝ።

«የት ነው የሚቀዳው?» አለኝ ሰላምታ ሳይጨርስ። «እኔ ቢ ኔጌቲቭ ነኝ። አባቱ የተጎዳ ጊዜ ሰጥቼው የለ? እሱና እኔ አንድ ዓይነት ነበርን። ለወንድሜ ሳይደርስ ቀረ። ለልጁ ይደርሳል።»

ባሌ ሲሞት ደሙ ከፕላስቲኩ እየተንጠባጠበ ነበር፤ ግማሹ እንኳ አልገባም። ያንን ነው የሚለኝ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «እባክዎ ይስሙኝ። የእርስዎ አይሆንም።»

«ምን አልሽ?»

«የዘመድ ደም አይሆንም ተብሏል። የሩት መቅኔ እንዳይባረር ነው። ከባዳ ሰው ነው የሚፈለገው።»

ደም ለመስጠት ባይሆንም አብሯቸው የመጣ አንድ ሽማግሌ በሲዳሙ አፎ አጉረመረመ። ቋንቋውን ብዙም አልችልም፤ ግን እብድ ማለት በምን እንደሚባል አውቃለሁ። ጋሼ ሀመሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሲቆጣ እንደዚያ ነው።

«የወንድሜ ልጅ የባዳ ደም ተሰጥቶት የኔ ሊቀር? ደም ደሙን ነው የሚያውቀው።»

«ጋሼ፣ ችግሩም እሱ ነው። አውቆት እንዳይጠላው ነው።»

«ደሜን የሚጠላ የወንድሜ ልጅ የለም! እኔ ነኝ አባቱ አሁን። አንቺ ከሌላ ቤት የመጣሽ ነሽ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ባሌን ከቀበርን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ባዳ ነሽ ብሎኝ የማያውቅ ሰው! ተነሥቼ የብሩክን ክፍል በር በጀርባዬ ዘግቼ ቆምኩ። ወይ ፍንክች! ወጣቱ ሐኪም መጥቶ በመካከላችን ገባና እሱም የነገርኩትን ደገመላቸው። አንዳንዶቹ የጠቀለሉትን እጅጌ መለሱ፣ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሼ ሀመሶ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ልጁን ልየው።»

ማስክ አድርጎ፣ እጁን ታጥቦ ገባ። ከአልጋው ራቅ ብሎ ቆመ። ብሩክ ዓይኑን ገለጠ፤ ፊቱ ወረቀት መስሏል።

«አጎቴ፣ ደም ልትሰጠኝ ነው የመጣኸው?»

«አዎ ልጄ። እናትህ አይሆንም አለችኝ።»

«እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ለሩት ወንበር ይዤላታለሁ።» ትንሽ አረፈና ቀጠለ። «አንተ ቀድመህ ከተቀመጥክ ደግሞ ትልቅ ሰው ስለሆንክ ተነሥ ልልህ አልችልም።»

ጋሼ ሀመሶ ልጁን አየው። ኮፍያውን አደረገ፣ በአጠገቤ አልፎ ወጣ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ሰዎቹ ተከተሉት። የአይሱዙው ሞተር ሲነሣ ሰማሁ። ሮጬ ወደ በረንዳው ስወጣ ከግቢው በር እየወጣ ነው። ደህና ዋይ እንኳ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ኮሪደሩ ባዶ ሆነ። ከፊት ለፊቴ ባለው ክፍል አንዲት የታመመች ልጅ አስታማሚዎቿ ከበዋት ዳቦ እየቆረሱ ይሳሳቃሉ። ብርቱካን አምጥተው ሰጡኝ፤ አመስግኜ ይዤው ተቀመጥኩ። የብሩክ ፋሻ እንደገና ረጠበ። ነርሷ ለወጠችለት። እሱ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ እንዳይተኛብኝ ስለምፈራ የኳስ ተጫዋቾችን ስም እያሳሳትኩ እጠራለታለሁ፣ ያርመኛል። ከዚያ ማረሙን ተወ።

ቀኑ ሲያዘነብል ሐኪሙ መጣ። አልተቀመጠም።

«ከዚህ በላይ አልችልም። አጎቱን ጥሪያቸው።»

አልተከራከርኩም። ተሸነፍኩ። ወንበሩም ይቅር፣ መቅኔውም ይቅር፣ ልጄ ዛሬ ማታ ይተንፍስልኝ አልኩ። ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ። አይነሣም። ሌላ ጊዜ ገና ሳይጠራ «ሄሎ» የሚል ሰው! አብረውት የመጡትንም ስልካቸውን አላውቅም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በእጄ የነበረውን ደም አባርሬ፣ የምፈልገውንም ሳላገኝ ቀረሁ። ለመጸለይ አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አጣሁ። እኔ አስቴር፣ ቃል አጣሁ! የሰው ብርቱካን ይዤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

በዚህ መሃል ግቢው ውስጥ ጫጫታ ተሰማ። አይሱዙው ነው። ከኋላው ጎረምሳና ኮረዳ ተጭኖበታል፤ ደብተር የያዘ አለ፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ አለ፣ ሂጃብ የለበሰች አለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ጋሼ ሀመሶ ከፊት ወርዶ በላብ ተጠምቆ ወደ ሐኪሙ መጣ።

«መርምሯቸው» አለ። «አንዱም ዘመዳችን አይደለም። እኔ ራሴ አጣርቻለሁ።»

ስልኩስ? መኪናው ውስጥ ወንበር ሥር ወድቆ ኖሯል።

እንዴት እንዳጣራ የነገረኝ አብሮት የነበረው ያ እብድ ናት ያለኝ ሽማግሌ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። ሲዳማ ከሲዳማ ጋር ሲተዋወቅ መጀመሪያ ጎሳ ይጠያየቃል፤ አባት፣ አያት፣ የእናት ወገን እየተባለ ተቆጥሮ ተቆጥሮ የሆነ ቦታ ዝምድና ይገኛል። ካልተገኘ ቅር ይላል። ጋሼ ሀመሶ በዚህ ቆጠራ የታወቀ ነው። በዚያ ቀን ይህንኑ ዕውቀቱን ገልብጦ ያዘው። መጀመሪያ የሄደው ፒያሳ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች መሃል ገብቶ «ቢ ኔጌቲቭ ማነው?» እያለ ጮኸ። አንድ ሾፌር ከዚህ በፊት ደም ስለሰጠ ዓይነቱን ያውቃል፤ «እኔ ነኝ፣ እንሂድ አባባ» አለው። ጋሼ ሀመሶ ግን አልለቀቀውም።

«ጎሳህ ማነው?»

ነገረው።

«እናትህስ? የእናትህ እናትስ?»

ሾፌሩ አያቱን ሲጠራ ጋሼ ሀመሶ ጭንቅላቱን ያዘ። የሴት አያቱ ከነጋሼ ሀመሶ ጎሳ ሆና ተገኘች!

«አንተማ ዘመዳችን ነህ፣ ውረድ!» ብሎ ከመኪናው አስወረደው። ሾፌሩም ግራ ገብቶት «ዘመድ ከሆንኩማ ይብሱን ልስጥ እንጂ!» እያለ ተከራከረው። በኋላ የላብራቶሪው ሠራተኛ ያን ያህል የራቀ ዝምድና አይቆጠርም ብሎ ሲነግረው ጋሼ ሀመሶ «ዝምድናን እኔን ታስተምረኛለህ?» አለው።

ጉዱማሌ አካባቢ ሄደ፤ እዚያም የሚያውቀው ሰው በዛበት፣ ሁሉም ዘመድ ሆነበት። በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ መኪናውን አቆመ። በሕይወቱ ከማንም ምንም ለምኖ የማያውቅ ሰው፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የሚወጣ የሚገባውን ተማሪ «ልጄ፣ አገርህ የት ነው?» እያለ ጠየቀ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ነገሩ አላማራቸውም። ዘመኑ ደግሞ አገርህ የት ነው ሲባል ሰው የሚደነግጥበት ነው። አንዱ ቀጭን ልጅ ግን፣ «ጎጃም ነው፣ ምን ነበር አባባ?» አለው።

«አባትህስ?»

«እሱም ጎጃም።»

«አያትህስ? ወደዚህ ወርዶ ያገባ፣ የተዋለደ የለም?»

«ኧረ የለም። ሐዋሳን ያየሁት እኔ የመጀመሪያው ነኝ።»

ጋሼ ሀመሶ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ «ተመስገን! ምንም አንገናኝም!» አለና ልጁን አቀፈው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ተማሪዎቹ ሲያለቅስ ሲያዩ ነው ነገሩን የጠየቁት፤ ሲሰሙ አንዱ ለአንዱ እየደወለ መኪናው ሞላ።

ከነዚያ ሁሉ የገጠመው ያው ቀጭኑ ጎጃሜ ነው። የደሙ ጤንነት እስኪመረመር፣ ከብሩክ ደም ጋር እስኪስማማ ድረስ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩ። ደሙ ሲሰቀል ክፍሉ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጠብታው ሲወርድ እያየሁ የብሩክን እግር ያዝኩ፤ ቀዝቅዞ ነበር። ቆይቶ ቆይቶ ሞቅ አለ። ከዚያ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ቀን በስህተት የጠራሁትን የተጫዋች ስም አረመልኝ። በቃ፣ ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ስወጣ ጋሼ ሀመሶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፏል። ለማን እንደሚሄድ ሳያውቅ ደሙን ለባንኩ ሰጥቶ ነው። ጎጃሜውም በአጠገቡ ሻይ በስኳር ይጠጣል።

«አንተ» ይለዋል ጋሼ ሀመሶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ዘመድ ሆነሃል። ሁለተኛ ለዚህ ልጅ እንዳትሰጥ!»

ስለተናገረኝ ቃል ይቅርታ አልጠየቀኝም። «ቁርስ ከበላሽ በኋላ ምን ቀመስሽ?» አለኝ። ምንም አልኩት። የያዝኩትን ብርቱካን ከእጄ ወስዶ ላጠልኝ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ብሩክ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የሩት መቅኔ ተቀበለው። «ደምህ የኔ ስለሆነ ታዘዘኝ» እያለች ውሃ ታስቀዳዋለች። ያ ቀን ግን እኔን ለውጦኛል። ብቸኝነት ሰው ያጣ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሞልቶ፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶልሽ፣ አንቺ ግን «አይሆንም» ለማለት ብቻሽን ስትቆሚ ያለውን ግን እግዜር ለማንም አያሳይ። ደግሞም ዕድሜ ልኬን የሰውን ደግነት በዝምድና ስለካ ኖሬያለሁ፤ ማን የማን ነው እያልኩ። እባካችሁ የደማችሁን ዓይነት እወቁ። ዘመድ እስኪታመምም አትጠብቁ፤ የሆነ ቦታ እናንተን የማታውቅ አንዲት እናት፣ ዘመዷ ስላልሆናችሁ ብቻ ትፈልጋችኋለች። ፀጉር ቤቴ የምትመጣን ሴት ሁሉ አሁን መጀመሪያ የምጠይቃት ይህንን ነው፤ አንዳንዶቹ ሰለቸሽን ብለው ፀጉር ሠሪ ለውጠዋል። ይለውጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ንቅለ ተከላው በተሠራበት ቀን፣ በማላውቀው አገር፣ ቋንቋውን በማልሰማው ሆስፒታል ውስጥ ነበርኩ። ሩት በአንድ ክፍል መቅኔዋ ተወስዶ ተኝታለች። ብሩክ በሌላ ክፍል መስታወት ውስጥ ነው፤ እንዳልገባ ተከልክያለሁ። ኮሪደሩ ላይ ስዞር ጋሼ ሀመሶ ደወለ።

«እንዴት ሆነ?»

«አሁን ጀመሩለት።»

«ማን አለ ከጎንሽ?»

«ማንም የለም ጋሼ።»

እሱ በስልክ ወሬ አያውቅም፤ የሚለውን ብሎ ይዘጋል። አሁንም የሚዘጋው መስሎኝ ቻው ልለው ስል፣ «የምነግርሽ ነገር የለኝም» አለኝ። «ግን አትዝጊው።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ መስታወቱ ፊት ተቀመጥኩ። ከቱላ የከብቶቹ ድምፅ ይሰማኛል፣ አንድ ሰው ከሩቅ ይጣራል፣ እሱ ይተነፍሳል። ልጄ ላይ የእህቱ መቅኔ ጠብ ጠብ ይላል። ኔትወርኩ እስኪቆረጥ ድረስ ሁለታችንም አንድ ቃል አልተናገርንም።